ሁለት አጥንት ለማጋባት ለንደን ደርሼ መምጣቴ

ከጣሪያ ወድቄ ነው። ይህን አስቀድሜ ራሴ ብናገር ይሻላል፤ እኔ ባልናገር ጎረቤቶቼ ይነግሯችኋል። የቴሌቪዥን አንቴና ላዞር ወጥቼ፣ አንቴናው ሳይዞር እኔ ዞርኩ። ዕድሜዬ ያን ጊዜ ስልሳ አራት ነበር። ባለቤቴ አስካለ ከታች ሆና «ውረድ!» ብትለኝ ወረድኩ። በትዳር ዘመናችን ፈጥኜ የታዘዝኳት ያን ዕለት ብቻ መሆኑን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራለች።

ተረከዜ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረልኝ፣ ተፈታልኝ፣ አጥንቱም ገጠመ። ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው መገጣጠሚያ ግን ተበላሽቶ ቀረ። ሜዳ ላይ ስራመድ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ድንጋይ ስረግጥ ደግሞ ዓለም ይዞርብኛል። ቤታችን ያለው ቀበና ወንዝ ዳር ነው። ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ድንጋይ የበዛበት ዳገት ነው። አርባ ዓመት በቀያሽነት የአገሩን ጋራ ሸንተረር በእግሬ የለካሁ ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከበሬ ወዲያ የሄድኩት በሰው ትከሻ ተደግፌ ነው። ለቅሶ መድረስ ቀረ፣ የታመመ መጠየቅ ቀረ። የሰፈር ሰው «የግቢው ዘበኛ» ይለኝ ጀመር። ዘበኛስ ደሞዝ አለው።

የእህቴ ልጅ ሶስና በተማሪነቷ ወጥታ ለንደን ኪልበርን የምትባል ሰፈር ትኖራለች። እሷ ማመልከቻ ያላስገባችበት ቢሮ፣ ያልደወለችለት ሐኪም የለም። በመጨረሻ አንድ ቀዶ ሐኪም ራጄን አይቶ «ይምጣ» አለ። ዘመድ ተረዳድቶ፣ በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ውስጥ እኔ ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ። ለንደን ሄዶ የማያውቅ፣ ሊሄድም የማያስብ ሰው እንዲያነበው እነሆ የሆነውን በየቀኑ ጻፍኩት።

ማክሰኞ። አስካለ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። «ድነህ ና» አለችኝና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ካልዳንክም ና» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

አውሮፕላኑ ላይ ስሕተት ሠራሁ። እግሬ እንዲያርፍ ብዬ የታመመውን ጫማ አወለቅኩ። እግሬ ነጻነቱን ሲያገኝ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ልንወርድ ስንል ጫማው አልገባም አለ። አስተናጋጇ በሻይ ማንኪያ ሞከረች፤ ጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ ተንበርክኮ ገፋ። አልሆነም። እንግሊዝ አገር በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ገባሁ። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ከመስኮቱ አንገቱን አስግጎ እግሬን አየና፣

«ስንት ጊዜ ይቆያሉ?» አለኝ።

«ይሄኛው ጫማ እስኪገባ» አልኩት። አልሳቀም። ስድስት ወር መታልኝ።

ረቡዕ። የሶስና ባል ተስፋዬ የአውቶብስ ሾፌር ነው፤ ጥሩ ልጅ፣ ወሬው በእንግሊዝኛ የተቀቀለ። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ሁሉንም ቼክ አድርጌዋለሁ» ይላል፣ ምን ቼክ እንዳደረገ ግን አይናገርም። ቤታቸው በተደረደሩና በማይለያዩ ቤቶች መሃል ነው፤ የኛ ሰፈር ቤቶች እንደ ወንድማማቾች ቢጣሉም መልካቸው ይለያያል፣ እነዚህ ግን መንታ ናቸው። የምድሩ ቤት ሚስተር ፓት የሚባል ሽማግሌ የሚኖርበት ነው። እነ ሶስና ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው አሥራ ሰባት ነው። ቆጥሬዋለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ።

ሶስና ከአገር የወጣችበትን አማርኛ ይዛ ነው የቀረችው። «ጋሼ፣ ቀበሌ አሁንም ስኳር በካርድ ይሰጣል?» ትለኛለች። እኔ የረሳሁትን የሰፈር ነገር እሷ ትጠይቀኛለች። ለእራት የቀረበልኝ እንጀራ በስንዴና በሩዝ ዱቄት የተጋገረ ነው። ዓይን አለው፣ ግን የሚያይ አይመስልም። ሁለት በላሁ።

ዝናቡም ይገርማል። የኛ ዝናብ እንደ ቁጡ ሰው ጮኾ፣ አጉረምርሞ፣ ይታረቃል። የነሱ ሐሜተኛ ነው፤ ድምፁን ሳያሰማ ቀኑን ሙሉ ያንሾካሹካል።

ዓርብ። ሐኪሙ ዘንድ። ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ረጅም፣ እጁ ትልልቅ ሰው ነው። የኔ እንግሊዝኛ የደብዳቤ እንግሊዝኛ ነው፤ «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው» ለማለት እንጂ ውሃ ለመለመን እንኳ አይመችም። ስለዚህ ተስፋዬ አስተረጎመ። ሐኪሙ ከፕላስቲክ የተሠራ የእግር አጥንት አወጣና እንዲህ አለ፦ «ይህ የተረከዝዎ አጥንት ነው። ይህ በላዩ የሚቀመጠው። በመሃላቸው የነበረው ለስላሳ ልባስ አልቋል፤ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። የሚያመው ፍጭቱ ነው። ሁለቱንም ፍቀን፣ ከዳሌዎ ትንሽ አጥንት ወስደን በመሃል እንሞላና በሁለት ብሎን እናስራቸዋለን። ከሠመረ አንድ አጥንት ይሆናሉ። አንድ አጥንት ደግሞ አይፋጭም።»

«ጋብቻ ነው» አልኩት ለተስፋዬ። «ብሎኖቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ዳሌዬ ጥሎሽ ይሰጣል።»

ሐኪሙ ሲተረጎምለት ሳቀና ወዲያው ፊቱን ሰበሰበ። «ልንገርዎት፤ የሚያጡት ነገር አለ። እግርዎ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል፣ ወደ ግራና ቀኝ ግን አያጋድልም፣ ለዘለቄታው። አንዳንዴም አጥንቱ አልያዝ ይላል። ስድስት ሳምንት ያንን እግር መሬት ላይ ማሳረፍ ክልክል ነው። አንድ እርምጃም ቢሆን። ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«የለም» አልኩ።

ተስፋዬ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ከአንዲት ቃል የረዘመ ነገር ተናገረ። ሐኪሙ «ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ፤ ትምባሆ አጥንት እንዳይያዝ ያደርጋል» አለኝ። መንገድ ላይ «ምን ብለህ ነው የተረጎምከው?» ብለው፣ «እውነቱን ነዋ፣ ጋሼ» አለ። አስተርጓሚ እንዲህ ከሆነ ድንቁርና ይሻላል። የሆነው ሆኖ ተውኩ።

ሰኞ። ሆስፒታል። ማደንዘዣ ሰጪዋ «እስከ አሥር ይቁጠሩ» አለችኝ። ቀያሽ ስለሆንኩ ሃያ ልደርስባት ፎክሬ ነበር፤ ሦስት ላይ ቀረሁ። ስነቃ እግሬ በነጭ ጀሶ ተጠቅልሎ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። የሚገርመው እግሬ ሳይሆን ዳሌዬ ነው የሚያቃጥለኝ። እግሬ ሠርግ ላይ ነው፤ ጥሎሽ የሰጠው ዳሌዬ ያለቅሳል።

በዚያ ክፍል የምታስታምመኝ ጃማይካዊት ነርስ ነበረች፤ ክንዷ እንደ ምሰሶ፣ ድምፅዋ እንደ ደወል። «ጣቶችህን አንቀሳቅስልኝ፣ ፍቅሬ» ትለኛለች። «ሾርባህን ጨርስ፣ ፍቅሬ።» አስካለ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያላለችኝን በሦስት ቀን ሠላሳ ጊዜ ሰማሁ። በኋላ አጠገቤ ላለው ጥርስ ለሌለው ሰውዬም እንደዚያው እንደምትል ሳይ ግን ትንሽ ቅር አለኝ።

ሐሙስ በሁለት ክራንች መሄድ ተማርኩ። ዓርብ ተለቀቅኩ። የኪልበርኑን አሥራ ሰባት ደረጃ በመቀመጫዬ፣ ፊቴን ወደ ታች አዙሬ፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ወጣሁ። ሚስተር ፓት ከበሩ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ አጨበጨበ።

ሚስተር ፓት አየርላንዳዊ ነው። በወጣትነቱ ለንደን መጥቶ መንገድ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ። እሱ መንገድ ሠሪ፣ እኔ ቀያሽ፤ ቋንቋ ባይኖረንም ስለ ጠጠር ለመነጋገር ስዕል ይበቃናል።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ። ይህን ቀን ባልጽፈው እወድ ነበር።

ሶስናም ተስፋዬም ሥራ ናቸው። እኔ ሶፋ ላይ እግሬን በሦስት ትራስ ደርድሬ ተቀምጫለሁ። በሩ ተንኳኳና ሚስተር ፓት በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዞ ገባ፤ ራሱ ነው የጋገረው።

እንግዲህ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ መቀመጫችንን ከወንበር ብድግ አድርገን «ኖር!» እንላለን። የገባው ሰው ደግሞ እጁን ዘርግቶ «ኧረ በእግዜር!» ይላል። እኛም ተመልሰን እንቀመጣለን። ተነሣን ማለት ነው እንጂ ተነሥተን አናውቅም። የምንነሣው በራሳችን ነው፤ የሚያስቀምጠን ግን እንግዳው ነው።

እኔም ብድግ አልኩ። ሐኪሙን ሳላስብ፣ ጀሶውን ሳላስብ፣ ስልሳ ዓመት የለመደ ወገብ ራሱ ተነሣ። ክንዴን ተደግፌ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩና «በእግዜር» እስኪለኝ ጠበቅሁ። ሚስተር ፓት ዝም ብሎ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውዬው የሆነ ቦታ ለመሄድ የፈለግሁ መሰለው፤ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኖረና መጥቶ፣ እጆቹን በሁለት ብብቴ አስገብቶ፣ በዚያ በመንገድ ሠራተኛ ክንዱ አንሥቶ አቆመኝ!

በሁለት እግሬ ቆምኩ። ከጀሶው ውስጥ አንድ ነገር እስከ ጉልበቴ እንደ መብረቅ ሄደ። ሶፋው ላይ ወደቅሁ።

«ደህና ነህ?» አለ ሚስተር ፓት፣ ፊቱ ነጥቶ።

«ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት… ደህና ነኝ» አልኩት።

ዳቦውን ቆርሶ አበላኝና ሄደ። ለማንም አልተናገርኩም። ሶስና ስንት ቢሮ ለምና፣ ዘመድ ስንት ተረባርቦ፣ ሁለት አጥንቶቼን በይሉኝታ አፋታኋቸው ብዬ እንዴት ልበላት? ፓስፖርቴ ላይ ያለው ጊዜ ለሁለተኛ ቀዶ ጥገናና ለሌላ ጀሶ አይበቃም። ካልያዘ ወደዚያ ዳገት እንደ ሄድኩ መመለሴ ነው፤ ምናልባትም ብሶብኝ።

ዓርብ። ሶስና ከሥራ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?»

«ምንም።»

«ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሰው አላሙም፣ ራስዎን እንኳ። ቀልድዎ የት ሄደ?»

ነገርኳት። ሳላቋርጥ፣ እንደ ንስሐ። ሶስና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሰውዬው እኮ እንግሊዝ አገር ነው ያለው፣ ጋሼ! እዚህ ማን ለማን ይነሣል?»

«ሽማግሌ ነዋ፣ ልጄ።»

«እርስዎስ ምንድን ነዎት?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሰኞ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቀለው። «ብሎኖቹ አልተነቃነቁም። ይህ ጥሩ ነው። አጥንቱ ግን ገና ለጋ ነው፤ ይያዝ አይያዝ አሁን ልነግርዎት አልችልም። እንጠብቃለን» አለ። ለምን እንደ ተነሣሁ ተስፋዬ ሲያስረዳው ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ አዳመጠና፣ «ለኔ ግን አልተነሡልኝም» አለ። «ገና ልጅ ነህ በለው» አልኩ።

ሚስተር ፓት ጥፋቱን ከሶስና ሰምቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ ነኝ ያቆምኩህ» ይላል ደጋግሞ። «እኔ ነኝ የተነሣሁት» እላለሁ እኔ፤ ስንከራከር ዋልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን የሚያበስለው እሱ ሆነ፤ ድንች በየዓይነቱ። የኛ ሰው ድንችን ወጥ ውስጥ ይደብቀዋል፣ እነሱ ዙፋን ላይ ያስቀምጡታል። ሶስና ደግሞ መድኃኒቱን አስተማረችው። ደረጃውን ሲወጣ፣ ገና ሦስተኛው ላይ ሆኖ፣ ባለ በሌለ ድምፁ «ባግዜር! ባግዜር!» እያለ ይመጣል።

አንድ እሑድ ሃክኒና ዋይት ሲቲ ከሚባሉ የለንደን ሰፈሮች የመጡ ስድስት የአገር ልጆች ሊጠይቁኝ ተቀምጠው ሳለ ያ ድምፅ ከደረጃው ተሰማ። ስድስቱም እንደ አንድ ሰው ብድግ! ሚስተር ፓት ድንቹን ይዞ ገብቶ የቆመ ሰው ሁሉ ሲያይ ደነገጠና ወደ ሶስና ዞሮ፣ «ቃሉ አይሠራም እንዴ?» አላት።

በስድስተኛው ሳምንት ጀሶው ተቀየረ። በራጁ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መሃል እንደ ጉም ያለ ነጭ ነገር ታየ። ሐኪሙ «ጀምሯል» አለ። ከዚህ በላይ አልጨመረም። ሌላ ስድስት ሳምንት የሚረገጥበት ጀሶ አደረጉልኝ። ኪልበርን ሃይ ሮድን እየተንቀራፈፍኩ፣ የሱቅ መስኮት እያየሁ፣ ገናቸውንም ገናችንንም አሳለፍኩ። ሐሳቤ ግን ያ ጉም ላይ ነበር። ጉም ዝናብም ይሆናል፣ ተበትኖም ይቀራል።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ። ጀሶውን በመጋዝ ቆረጡት። የወጣው እግር የኔ አይመስልም፤ የከሳ፣ የተላጠ፣ ከጾም የወጣ ባሕታዊ። ራጅ አንሥተውኝ ቁጭ አልኩ። ሶስና ጥፍሯን ትበላለች። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቀለና እኔን ጠራኝ።

«ቀያሽ ነዎት አይደል? ድንበሩን ያሳዩኝ።»

መነጽሬን አደረግኩ። ተረከዜን አገኘሁ። በላዩ ያለውን አጥንት አገኘሁ። ሁለቱ ብሎኖች አሉ። በመሃል ያለውን መስመር ፈለግኩ፤ ከግራ ጀመርኩ፣ ከቀኝ ጀመርኩ። የለም። አርባ ዓመት ድንበር ስፈልግ፣ በድንበር ስዳኝ ኖሬ፣ ድንበር ባለማግኘቴ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይቁሙ» አለ ሐኪሙ።

ቆምኩ። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ፤ የሚነከስበት ነገር አልመጣም። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ቁርጭምጭሚቴ ግትር ነው፣ ጡንቻዬ የሕፃን ነው፣ ያ ፍጭት ግን የለም። በሩ ድረስ ሄጄ ዞርኩ። ሐኪሙ ደስ ብሎትም ቢሆን እውነቱን አልደበቀም፤ ተዳፋት መንገድ በጎን መሄድ እንደሚከብደኝ፣ ጎረቤት የሆኑት መገጣጠሚያዎች የዚህን ሥራ ስለሚሸከሙ ከዓመታት በኋላ እነሱም ሊያማርሩ እንደሚችሉ ነገረኝ። ጎረቤት ማማረሩን ለምጄዋለሁ።

ወደ ቤት ልንመለስ አውቶብስ ማቆሚያው ጋ ደረስን። እኔ አልቆምኩም።

«ጋሼ፣ እዚህ ነው!»

«ቀጣዩ ላይ እንሳፈር።»

ቀጣዩም ደረሰ፣ አለፍኩት። አውቶብሱ ውሃ እየረጨ አለፈን፤ ሾፌሩ የተስፋዬ ጓደኛ ኖሮ ጥሩምባ ነፋልን። ሶስና ዣንጥላዋን ይዛ ከኋላዬ ትሮጣለች። «ነገ ያብጥብዎታል!» ትላለች፤ በነጋታው በእርግጥም አበጠ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሚስተር ፓት ኪልበርን ጣቢያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ፤ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ዕቃ ማሸከም ነውር ነው ብዬ ብከራከር አልሰማኝም። አውሮፕላኑ ላይ ጫማዬን አላወለቅኩም።

አሁን ዓመት ሊሆነኝ ነው። የሆነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በብርድ ጠዋት እግሬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው፤ አሥር እርምጃ ሄዶ ይለቃል። ደረጃ ደህና ነው። ሜዳ ሰርግና ምላሽ ነው። ድንጋይ ላይ እግሬ ስለማያጋድል ሙሉ ሰውነቴ ያጋድላል፤ ስለዚህ ዳገታችንን ቀጥ ብዬ አልወጣውም፣ እንደ በቅሎ እየተጠማዘዝኩ፣ ከዘራዬን እየተከልኩ ነው። ልጆች ሁለቴ ይቀድሙኛል። ግን እወጣዋለሁ፤ ያለ ሰው ትከሻ፣ ያለ ጥርስ መንከስ።

ሦስት ዓመት ያልደረስኩት ለቅሶ፣ ያልጠየቅሁት በሽተኛ፣ ያልታደምኩት ማኅበር ተጠራቅሞ ነበር። ጠዋት እወጣለሁ፣ ለምሳ እዘገያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ቤት ለቅሶ ደርሼ፣ አንድ ጎረቤት ስለ ድንበር ግንብ አማክሬ፣ በዚያውም ለአንድ ሰው ሽማግሌ ሆኜ አመሻሹ ላይ ገባሁ። አስካለ ምሳዬን ሁለት ጊዜ አሙቃ፣ ሁለት ጊዜ አቀዝቅዛ፣ በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ለእግርህ ምን ያህል እንደጸለይኩ እግዜር ያውቃል» አለች። «ሳስበው ግን ትንሽ አብዝቼዋለሁ።»